መልስ፦ ውሃው ጥርት ካለ ሐይቁ ጤነኛ ነው?

«ሐይቁ ጥርት ያለ ነው፤ ታዲያ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል?» ላልከው፣ አይ፣ በዓይን ብቻ አይፈረድም። አሲድ የበዛበት ሐይቅም ኩልል ብሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን ዓሣ ላይኖር ይችላል።

ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ ለመለካት ቀላሉ መሣሪያ የሴኪ ዲስክ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሌዳ ነው። በገመድ ታወርደዋለህ፤ ከዓይንህ የሚሰወርበትን ጥልቀት ትመዘግባለህ። በቃ። (ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1865 የመጣው ከአንድ ጣሊያናዊ ቄስ ነው።)

ለሐይቁ ጤንነት ዋናው ግን ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ሰዓቱ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ብትለካ፣ አልጌው (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ተክል መሳይ አረንጓዴ ነገር) በፀሐይ ኦክስጅን ሲያመርት ስለዋለ ቁጥሩ ያምራል። ሌሊት ያው አልጌ መልሶ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ለካ። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም። በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ አብዛኛው ዓሣ አይቋቋመውም።

አልጌውን የሚያበዙትን ፎስፈረስና ናይትሮጅን መለካቱን ለላብራቶሪ ተወው። እኔ በበኩሌ ከቁጥር ይልቅ ጭቃው ውስጥ ያሉትን ነፍሳት አምናለሁ። የአንድ ቀን ናሙና የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ እነሱ ግን እዚያው ከርመዋል። ቀያይ ትል መሳይ እጮች ብቻ ከሞሉት፣ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን አጥሮታል ብለህ ጠርጥር።