ሁለተኛው ባትሪ ምን ሊሠራ ነው? (ጥያቄና መልስ)

ክረምት ሲገባ ደብዳቤው ሁሉ ጭቃ ጭቃ ይላል። የዚህ ሳምንቶቹ እነሆ።

ከማራኪ የጻፉልኝ ሹፌር ቱሪስት ወደ ሰሜን ተራሮች ያመላልሳሉ። ላንድክሩዘራቸው ላይ ያስገጠሙት ዊንች (መኪናን ከጭቃ የሚስብ፣ በባትሪ የሚጠቀለል ገመድ) ጉልበት ሲያንሰው ከኋላ ወንበር ሥር ሁለተኛ ባትሪ ጨመሩና ዊንቹን በእሱ አሳሰሩት። ጭራሽ ባሰበት። «ባትሪ ሻጩ ሸውዶኝ ይሆን?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ሻጩን ይተዉት፤ ሽቦውን ይዩ። 4,300 ኪሎ የሚስብ ባለ 12 ቮልት ዊንች ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት 400 አምፔር ያህል ይጠጣል። ከኋላ ወንበር እስከ ፓራውልት መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር፣ ሽቦውም 16 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከ12ቱ ቮልት 4ቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በ8 ቮልት ምን ይጎትት? ትንሽ ከሳቡ በኋላ ዊንቹን አቁመው ሽቦውን በእጅዎ ይንኩት። ከጋለ፣ ጉልበቱ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሌላም አለ። በሁለቱ ባትሪዎች መሐል የሚገባው ሬሌ (ሁለቱን የሚያገናኝና የሚለያይ ማብሪያ) ብዙ ጊዜ የሚችለው 140 አምፔር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲያልፍበት ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ተጣብቆ ይቀራል። ተጣብቆ ከቀረ፣ መኪናው ውስጥ ፍሪጅ ካለ፣ ማታ ሁለቱንም ባትሪ ይጨርሳቸዋል።

እኔ ብሆን ዊንቹን ከፊተኛው ባትሪ፣ በአጭርና ወፍራም ሽቦ አሳስረዋለሁ፤ ቢያንስ 35 ካሬ ሚሊሜትር፣ ቢቻል 50። ስስብ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ነዳጅ ትንሽ ተረግጦ ነው። ዲናሞው ቢበዛ 100 ምናምን አምፔር ቢሰጥ ነው፤ የቀረው ከባትሪው ይወጣል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ስቦ ማሳረፍ። ሁለተኛው ባትሪ ግን አይነካም! የእሱ ሥራ የፊተኛው ሲሞት መኪናውን ማስነሣት ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ባትሪ ደግሞ በብርድ ይደክማል። ሌሊት ላይ ቢሞትብዎ ፈረንጆቹን ግፉ ሊሏቸው ነው?

ዊንቹ አሁንም ከከበደው ፑሊ ይግዙ። ገመዱ በፑሊ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ የዊንቹ ጭነት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የሚጠጣው አምፔርም ይቀንሳል። ፍጥነቱም ይቀንሳል፣ ግን ማን አስቸኮለዎት? የሽቦውን ሥራ ለኤሌክትሪሽያን ይስጡት፣ ያው።

ከአዘዞ አንድ የአይሱዙ ባለቤት ባለ 12 ቮልት ዊንች በቅናሽ አግኝቷል። መኪናው 24 ቮልት ነው። «ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ብስብስ?»

አይሆንም ወንድሜ። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚሞላቸው። የሳብክበት ሳይሞላ ያልተነካው ሞልቶ ይፈላል፤ ሁለቱንም ትቀብራለህ። ባለ 24 ቮልት ዊንች ፈልግ። ቅናሹን እርሳው።

ከቆላ ድባ፦ «ዋልካ ውስጥ ስገባ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቼ በዊንች ብወጣስ?» ትችላለህ። ከዚያ ባትሪው ያልቅና በበሬ ትወጣለህ።

«አሮጌ ባትሪ ከአዲስ ጋር ባያይዝ?» የሚለው ስንተኛ ጊዜዬ ነው! ደካማው ጠንካራውን ይመጠዋል። አንድ ዓይነት፣ እኩል መጠን፣ አብረው የተገዙ ይሁኑ።

«ሲጎተት ገመዱ ላይ ብርድ ልብስ የሚጣለው ለምንድነው?» ቢበጠስ ርቆ እንዳይወነጨፍ። አንተም ከመስመሩ ወጥተህ ቁም።

የመጨረሻዋ ከአራዳ ናት። ወንበር ሥር ያለው ባትሪያቸው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ጎኑም አብጧል። እሁድ ወደ ጎርጎራ ቤተሰብ ይዘው ሊሄዱ ነው። «ከጉዞው መልስ ባሳየው ይደርሳል?» ይላሉ።

አይደርስም፣ እቴ። ሽታው ባትሪው ከመጠን በላይ እየተሞላ ወይም ውስጡ ተበላሽቶ የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ነው። አብሮት የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ሞተሩን ያጥፉ፣ በሮቹን ይክፈቱ፣ ልጆቹን ያርቁ። ክብሪትም ሲጋራም አይጠጋ። ሽቦውን ራስዎ ለመንቀል እንዳይሞክሩ። ኤሌክትሪሽያን ዛሬውኑ፣ እሁድን ሳይጠብቁ። እሱ ይምጣ እንጂ መኪናውን ወደ ጋራዥ እንዳይነዱት።