ስለ እግር እብጠትና ስለ ኮምፕሬሽን ካልሲ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሀዋሳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ያበጠ እግር ስለካና ስጠቀልል ነው። ሰሞኑን ስለ ኮምፕሬሽን ካልሲ፣ ማለትም እብጠት እንዳይጠራቀም እግርን ጨምቆ ስለሚይዘው ካልሲ፣ «የትኛውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በዛብኝ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጥያቄዎቻችሁን ተቀብዬ በተራ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ካልሲ ከመግዛት በፊት እግሩ ለምን እንዳበጠ ይታወቅ፣ ከዚያም እግሩ ይለካ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እነዚህን ሁለቱን ዘሎ ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። 24 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ማታ ሁለቱም እግሮቼ ይከብዱኛል፣ ያበጡማል። ጠዋት ስነሳ የለም። ካልሲ ያስፈልገኛል?

ሊጠቅምሽ ይችላል፣ እህቴ። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚሄደው። የሚገፋው ደግሞ ባትሽ ነው። ስትራመጂ ባትሽ እየተኮማተረ እንደ ፓምፕ ይሠራል፤ ቆመሽ ስትውይ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ታች ይጠራቀማል። ላንቺ ከ15–20 ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው ይበቃሻል። ቁጥሩ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው ግፊት ነው፤ መለኪያውም የደም ግፊት የሚለካበት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጥሩ ካልሲ ታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ ይሄዳል። ሥራ ላይ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝሽን አንስተሽ ሃያ ጊዜ ያህል በጣትሽ ቁሚ። እሱ ነፃ ነው።

አንዱ ካርቶን «ክላስ 2» ይላል፣ ሌላው «20–30» ይላል። ልዩነቱ ምንድነው?

ክላስ የሚባለው ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመኖች አከፋፈል ክላስ 1 ከ18–21፣ ክላስ 2 ከ23–32፣ ክላስ 3 ከ34–46 ነው። አሜሪካ የሚሠሩት በብዛት 15–20፣ 20–30፣ 30–40 እያሉ ይጽፋሉ። ስለዚህ ክላሱን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ካርቶኑ ላይ ምንም የግፊት ቁጥር ከሌለ ምን ያህል እንደሚጨምቅ ማወቅ አይቻልም፣ ተዉት። ከ20 በላይ የሆነውን ደግሞ ባለሙያ ሳያያችሁ አትግዙ።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ እግሯ ይደነዝዛታል። ሁለቱም እግሯ ስላበጠ ካልሲ ልገዛላት ነበር።

ቆይ፣ አሁን አትግዛላት። እዚህ ላይ ልቆጣ ብል አትቀየሙኝ፤ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። ስኳር ደም ወደ እግር የሚያወርደውን ቧንቧ ሊያጠበው ይችላል። በጠበበ ቧንቧ ላይ ጠባብ ካልሲ ከተጨመረ ቆዳው ደም ያጣል። እግሯ ስለደነዘዘ ደግሞ አመመኝ ብላ አታወልቀውም። ማታ ሲወልቅ ቁስሉ ይገኛል።

መጀመሪያ ሐኪም ይያት። የቁርጭምጭሚቷ የደም ግፊት ከክንዷ የደም ግፊት ጋር ይነጻጸራል። የታችኛው ለላይኛው ሲካፈል ከ0.9 እስከ 1.3 ከሆነ ደህና ነው። ከ0.5 በታች ከሆነ ካልሲ ክልክል ነው። በመካከል ላለው ሐኪሙ ይወስናል። ስኳር ባለበት ሰው ቧንቧው ስለሚደነድን ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ምርመራ ቢያዙላት አትገረም። እስከዚያው አንተም አስተውል። እግሯ ይቀዘቅዛል? ስትራመድ ባቷን አሟት ስትቆም ይተዋታል? ጣቷ ላይ የማይድን ቁስል አለ? ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል? ይህ የመጨረሻው የልብ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አይደር፣ ዛሬውኑ ውሰዳት።

የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ነው ያበጠው። ይያያዛል?

አምሎዲፒን ከሆነ አዎ፣ እግር ያሳብጣል። በራስዎ አያቁሙት፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል።

ሚስቴ ከወለደች 9 ቀኗ ነው። ከትናንት ጀምሮ የግራ እግሯ ብቻ አብጦ ባቷን ያማታል።

ይህንን ስታነብ ተነስና ሆስፒታል ውሰዳት። ካልሲም፣ ፋሻም፣ ማሸትም የለም። ድንገት አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደርሳችሁ ስትመለሱ ጻፍልኝ።

እንዴት ነው የሚለካው? እኔ በጫማ ቁጥሬ ነው የገዛሁት።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ከአልጋ ሳትወርዱ፣ እግሩ ገና ሳያብጥ። ከቁርጭምጭሚት አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ እግሩ የቀጠነበት ቦታ አለ። ሜትሩን እዚያ አዙሩት። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫን። ቀጥሎ ባታችሁ የወፈረበትን ዙሪያ። በመጨረሻ ቁጭ ብላችሁ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ከወለል እስከ ቋንጃ ያለውን ቁመት። ሁለቱንም እግር ለኩ፣ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

አንዲት እናት ሻጩ «የጫማ ቁጥርዎ 38 ነው? እንግዲያው ይሄ ነው» ብሎ የሰጣቸውን አድርገው መጡ። ረዝሞባቸው ነበርና ትርፉን ጉልበታቸው ሥር አጥፈውታል። ሳወልቀው ጣቴ የሚገባበት ጎድጓዳ ቀለበት ቆዳቸው ላይ ነበር። ከቀለበቱ በታች ያለው እብጠት ካልሲ ከማድረጋቸው በፊት ከነበረው ብሶ ነበር። የታጠፈ ካልሲ እጥፍ ይጨምቃል፣ እንደታሰረ ገመድ ነው። ስለዚህ ጫፉ ከጉልበት መታጠፊያ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይረፍ፤ ፈጽሞ አይታጠፍ።

እህቴ የማህፀን በር ካንሰር ታክማ ነበር። ጨረር ከወሰደች ከዓመት በኋላ ቀኝ እግሯ እስከ ጭኗ አበጠ። ካልሲ ገዛንላት፣ አልቀነሰም። ላሲክስም ወስዳለች።

መጀመሪያ ያከማት ሐኪም ዘንድ ትመለስ። ከካንሰር በኋላ አዲስ የመጣ እብጠት በሽታው ተመልሶ እንዳይሆን መታየት አለበት። ከዚያ ውጭ ከሆነ የምትገልጪው ሊምፍኤዴማ ይመስላል። ሊምፍ ከደም ሥር ሾልኮ የወጣውን ውሃና ፕሮቲን ሰብስቦ የሚመልስ ሌላ መስመር ነው። ቀዶ ጥገናና ጨረር መስመሩን ሊዘጉት ይችላሉ። አንድ ነገር ሞክሪ፦ ከአውራ ጣቷ ቀጥሎ ያለችውን ጣት ከሥሯ ላይ ቆዳዋን ቆንጥጠሽ አንሺ። ካልተነሳልሽ ሊምፍኤዴማ የመሆኑ ነገር በጣም ይጠነክራል። ቢነሳም ግን የለም ማለት አይደለም። ላሲክስ ውሃውን በሽንት ያወጣል እንጂ ፕሮቲኑን አያወጣም፤ ለዚህ በሽታ መፍትሔ አይሆንም።

ካልሲው ለምን አልሠራም? ካልሲ የቀነሰውን እግር ይይዛል እንጂ ያበጠውን አይቀንስም። መጀመሪያ እግሩ በፋሻ ይቀንሳል። ቆዳው ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ጥጥ ይደረጋል፣ ከዚያ በላዩ ብዙም የማይለጠጥ ፋሻ ከጣት ጀምሮ እየተደራረበ ይጠቀለላል። በየፋርማሲው ያለው ቡናማ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ፋሻ አይደለም። እሱ ተኝታም ሳለ ይጨምቃታል። ብዙም የማይለጠጠው ግን ስትተኛ ለቀቅ ይላል፣ ስትራመድ ባቷ ሲገፋው እንደ ግድግዳ ይመልሳል። በሳምንታት ውስጥ እግሩ ሲቀንስና ከዚያ በታች አልወርድ ሲል ነው ለካልሲ የሚለካው። ያኔም ከላይ እስከ ታች ስፌት ያለው፣ ጠጠር ያለው ዓይነት ይሻላታል። ስፌት የሌለው ስስ ካልሲ ቆዳዋ የሚታጠፍበት ቦታ ውስጥ እየገባ ይቆርጣታል። እብጠቱ እስከ ጭን ስለሆነ እስከ ጉልበት የሚደርሰው አይበቃም።

እግሯ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ፋሻው ይውለቅና ለአንቲባዮቲክ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አባቴ ወላይታ ገጠር ነው ያለው። ዝሆኔ ነው ይሉታል። ሰው ይሸሸዋል። ካልሲ ልላክለት?

ካልሲውን ለጊዜው አቆየውና ሰፊ ጫማ ላክለት። ደጋ ላይ በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ከኖሩ በኋላ የሚመጣው ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚሁ አገራችን ላይ አጥንቶ ነው ከአፈሩ ጋር ያያያዘው። ተላላፊ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። አብረኸው ብላ፣ ጎረቤት ይይህ።

በየቀኑ እግሩን በሳሙናና በንጹህ ውሃ ይታጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ጭምር ይደረቅ፤ ቫዝሊን ይቀባ፤ ተራ ካልሲና የተዘጋ ጫማ ያድርግ፤ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያድርግ። ቁስሉ ሲደርቅ ነው ፋሻ የሚጀመረው። ቆዳው የሻከረና የቆሰለ እግር ላይ ኮምፕሬሽን ካልሲ ማስገባት ያቆስላል። ትንሽ መስሎህ አትናቀው፤ ሳሙናና ጫማ ብቻ ያንን የሚያሰቃይ ትኩሳትና ሕመም ሲቀንሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰልባጅ ተራ ርካሽ ኮምፕሬሽን ካልሲ አገኘሁ። ልውሰድ?

አይ። ላስቲኩ በየቀኑ ተደርጎ ስድስት ወር ገደማ ነው አቅሙ። የሌላ ሰው ከሆነ ምን ያህል እንደቀረው አይታወቅም።

ሀዋሳ ሙቀት ነው። ጠረኑስ? ማታስ ልተኛበት?

ሁለት ግዙና አፈራርቁ። በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ በሳሙና ይታጠብ። በረኪና አይንካው፣ አይጠመዘዝ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ጥላ ላይ አድርቁ። ለመተኛት አውልቁት። ቅባትም ያኔ ተቀቡ፤ ጠዋት ከተቀባችሁ አልገባ ይላል።

እጄ አቅም የለውም። ሳላደርገው ቀኑ ይሄዳል።

እማማ፣ የእቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ። ካልሲውን እስከ ተረከዙ ድረስ ይገልብጡት። መጀመሪያ የእግርዎን የፊት ክፍል፣ ከጣቶችዎ ጀምሮ፣ ያስገቡ፤ ተረከዙ ቦታው ላይ በደንብ ይቀመጥ። ከዚያ ከላይ አይጎትቱ። በጓንቱ መዳፍ ከታች ወደ ላይ ጥቂት በጥቂት እያሻሹ ያውጡት። ጓንቱ ይይዝልዎታል። ካልሆነም ባለ ቬልክሮ መጠቅለያ አለ፣ እንደ ጫማ እየለጠፉ የሚያጠብቁት።

የፓርኳ ልጅ ነኝ። ለካሁት! ቁርጭምጭሚት 23፣ ባት 37። የትኛውን መጠን ልውሰድ?

ጎበዝ። ካርቶኑ ላይ ሰንጠረዥ አለ፤ ሁለቱም ቁጥሮች አንድ መጠን ውስጥ ካረፉ እሱ ነው ያንቺ። ግን ሰዓቱን አየሁት፤ አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ ቆመሽ ነው የዋልሽው። ነገ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ድገሚውና ቁጥሩን ላኪልኝ።