ስልኩን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጪው

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። የ6 እና የ3 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ትንሹ ሲወለድ ሥራ ለቅቄ ቤት ቀረሁ። ከዓመት በፊት ስለ ልጅና ስለ ቤት አያያዝ በብሎግና በቴሌግራም መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ጥሩ አንባቢ አለኝ፤ ማስታወቂያ የሚያሠሩኝ ነጋዴዎችም ተገኝተዋል። የትልቁን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሦስት ወር ሙሉ የከፈልኩት ከዚያው ነው። ቀን ጊዜ ስለማላገኝ ሁሉም ሲተኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በስልክ እጽፋለሁ። ስተኛ ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ «ስልክ ላይ ተጥዳ ትውላለች» ይላሉ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ማታ ሲገባ «ቤት ውለሽ ይሄ እንዴት አልደረሰም?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ በጠራራ ፀሐይ ላፕቶፕ ከፈትኩ። ወጡ አረረ። ትንሹ የቻርጀሩን ገመድ ሲጎትት ላፕቶፑ ወደቀ። መታሁት። መትቼው አላውቅም ነበር። ስጽፍ የነበረው ደግሞ ልጅን በትዕግሥት ስለ ማብላት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም የቆምኩት «ልተወው?» የሚለው ላይ ሳይሆን «ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ» የሚለው ላይ ነው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ልጁ።

ምናልባት አቅፈሽው፣ ብስኩት ገዝተሽለት፣ አልፏል ብለሽ ይሆናል። በቃልም ንገሪው። ቁጭ ብለሽ ዓይን ለዓይን ተያዩና «የዚያን ቀን መታሁህ። አመመህ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በይው። እዚያው ላይ አቁሚ። «አንተም ገመዱን ባትጎትት ኖሮ» የምትል ጭራ ከቀጠልሽበት ይቅርታው ክስ ይሆንበታል። 3 ዓመቱ ቢሆንም ይገባዋል።

ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጽሑፍ ስለ «በቂ እናት» አንሥቷል። እንከን የሌላት እናት ማለቱ አይደለም። ለአራስ ልጇ ሙሉ በሙሉ ትገዛለች፤ እያደገ ሲሄድ ግን ልጁ በሚችለው መጠን ትንሽ ትንሽ ታስጠብቀዋለች። መምታት ከዚህ ውስጥ አይገባም። «ቆይ፣ እናትህ እየሠራች ነው» መባል ግን ይገባል። አንቺ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለልጅሽ ብለሻት የምታውቂ አልመሰለኝም። ሥራሽን ከእሱም ደብቀሻል።

ደግሞ እንቅልፍሽ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው፤ አንቺ የግማሹን ነው የምትተኚው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ንዴቱ አፍንጫው ላይ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ጽሑፍ ይቁም። «የኔ የምለው ሰዓት እሱ ብቻ ነው» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ቀን ላይ ሰዓት እስክናገኝልሽ ታገሺኝ።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ። ልጅ የሚያስተምር ገንዘብ እያመጣሽ እንደ ሌባ ተሸፍነሽ ትሠሪያለሽ። ክፍያውን ማን እንደሚከፍል አማትሽ ያውቃሉ? አልነገርሽኝም፤ የሚያውቁ ግን አይመስለኝም። የሚታያቸው ስልክ የያዘች ምራት ነው፤ ስልክ ደግሞ ለእሳቸው ወሬ ነው። ጥጥ ስትፈትዪ እያዩሽ ቢውሉ ማን ይናገርሽ ነበር? እንዝርቱ ሲሾር ይታያል፤ ልቃቂቱም ሲወፍር ይታያል። ያንቺ ልቃቂት የት አለ?

አሳዪያቸው። የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ አምጪና ቡና ላይ አንብቢላቸው። ከጽሑፎችሽም አንዱን አንብቢላቸው። ልጆቻቸውን ምን እያበሉ እንዳሳደጉ ጠይቂያቸውና የነገሩሽን ጻፊው። በአጥሚትና በገንፎ ጉዳይ ከኔም ካንቺም የተሻለ እንደሚያውቁ እገምታለሁ። ምራቷ የምትሠራው እንዲገባት የተጋበዘች አማት ስታማ አልሰማሁም ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ግን ሐሜቱ ይቀንሳል።

የሥራ ሰዓትሽን የሚነግራቸው ግን አንቺ ሳትሆኚ ባልሽ ይሁን። «እማዬ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ሥራ ላይ ናት፤ ትንሹን እርስዎ ይያዙልን።» ከልጃቸው አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ሳይሆን አደራ ይሆናል። ለጎረቤትም እንዲሁ፤ ቡናው ከ9 ሰዓት በኋላ ይሁን።

ረቡዕና ዓርብ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የምትጾሙ ከሆነ የማድ ቤቱ ጣጣ የሚቀልባቸው ቀኖች ናቸው። ሽሮ ይበቃል። ለልጆቹ የሚሆነውን ጧት ከቁርሱ ጋር አብረሽ ጨርሺው። ቁሌቱንም ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አብስለሽ ካሳደርሽ ሽሮው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ላፕቶፑና ስልኩ ማታውኑ ቻርጅ ይደረጉ። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋም ደብተር አለ፤ ሰዓቱ አይሰረዝም።

ሦስቱ ሰዓት ሳይቆራረጥ ይሁን። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዞር ሐሳባችን ከፊሉ እዚያው እንደሚቀር አሳይታለች። ወጡ ያረረብሽ ለዚህ ነው። ማንኪያው እጅሽ ላይ ነበር፣ አንቺ ግን ዓረፍተ ነገሩ ጋ ነበርሽ። አሥር አሥር ደቂቃ አምስት ጊዜ ብትለቃቅሚ ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም።

ባልሽን በተመለከተ «አግዘኝ» አትበይው። ያገዘ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ ሥራው ግን ያንቺው እንደሆነ ይቀራል። ወደ እኔ የሚመጡ ባሎች «የነገረችኝን ሁሉ እኮ እሠራለሁ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጣጣው ያለው «የነገረችኝን» የምትለው ላይ ነው። ዱቄት ማለቁን፣ ጋዝ መቅለሉን፣ ትልቁ ልጅ ነገ ነጭ ሸሚዝ እንደሚፈልግ አስታውሶ የሚናገር ጭንቅላት ያንቺ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ደመወዝ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ከነሐሳቡ አስረክቢው። ለምሳሌ ውሃውን። ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን ማወቅ፣ ጀሪካን ማጠብ፣ ሌሊት ተነሥቶ መሙላት፣ ሁሉም የእሱ ይሁን። አንድ ቀን ይረሳዋል። በዚያ ቀን ሮጠሽ አትሙይለት። ውሃ ሳይኖር የዋለ ቤት አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ከሮጥሽ ውሃው ወዳንቺ ይመለሳል።

ቅዳሜ ከሰዓትም ልጆቹን ጣና ዳር ይውሰዳቸው። ታንኳና ይብራ ሲያዩ ይዋሉ። አንቺ አትከተያቸው፤ ቤቱንም አታጽጂ። ተኚ።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። መጻፍ ካቃተሽ ገና ሳምንት ነው፤ በጸጸት ይሆናል። ማዘኑ፣ ምግብ ማስጠላቱ፣ ነገር ሁሉ መጨለሙ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን በእንቅልፍ ማጣት አታሳብቢው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሂጂና ታዪ። ራስሽን ወይም ልጆቹን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አንድም ቀን አትጠብቂ፤ ለባልሽ ነግረሽው ያኔውኑ ሂዱ።

ላፕቶፑ ተርፎ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ከተረፈ ረቡዕ 3 ሰዓት ላይ ያንኑ ስለ ማብላት የጀመርሽውን ጽሑፍ ክፈቺው። የጻፍሽውን አታጥፊ። የልጅሽን ነገር ለእናንተ ለሁለታችሁ ተዪውና፣ የደከማት እናት ትዕግሥቷ የት እንደሚሄድ አንድ አንቀጽ ጨምሪበት። ደግሞ አንባቢዎችሽ መልእክት የሚልኩልሽ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ እስኪ እዪ። ብዙዎቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመስሉኛል።