ፓኬጁ ሲነቀል ጓዙስ?

ሰርቨር ላይ ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) ስለ መጫን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። በዚህ ሳምንት ግን አራት አንባቢዎች ስለ ማጥፋት ጠየቁኝ። ደስ አለኝ፤ ሰርቨር የሚቆሽሸው ማንም ሳያጸዳው ሲቀር ነውና።

ጥያቄ፦ አፓቼን (ድረ ገጽ የሚያቀርብ ሶፍትዌር) የሚጭነውን መስመር ከአንሲብል (ሰርቨሮችን በተጻፈ ትእዛዝ የሚያስተዳድር መሣሪያ) ፕሌይቡኬ፣ ማለትም ከትእዛዝ ፋይሌ፣ ላይ ሰረዝኩት። አፓቼ ግን ሰርቨሩ ላይ አሁንም አለ።

አንሲብል ትናንት የጫነውን አያስታውስም። መስመሩን ሲሰርዙ "አጥፋ" አላሉትም፤ ዝም ነው ያሉት። መስመሩን ይመልሱና ስቴቱን (የፓኬጁን ሁኔታ) ከፕረዘንት (ይኑር) ወደ አብሰንት (አይኑር) ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ አብሰንት ብዬ ፓኬጁ ጠፋ። ኢቲሲ (የማስተካከያ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ ያሉት ፋይሎቹ ግን አልጠፉም።

የኮንፊገሬሽን ፋይል እንዲጠፋ ፐርጅ (ጠርጎ አጥፋ) የሚለውንም የስ ማድረግ አለብዎት። የኡቡንቱ የፓኬጅ መሣሪያ ዲፒኬጂ ፓኬጆችን ሲዘረዝር ከስሙ ፊት "አርሲ" ካዩ፣ ፓኬጁ ወጥቶ ፋይሉ ቀርቷል ማለት ነው። ዳታቤዝ ላይ ግን አደራ! ፖስትግሬስ በእጅ ፐርጅ ሲደረግ ዳታው ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአንሲብል ሲሆን ጥያቄውን የሚያይ ሰው የለም፤ ዳታው አብሮ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ባክአፕ ይያዙ።

ጥያቄ፦ አብረው የገቡትን ዲፔንደንሲዎችስ (ፓኬጁ እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች) እንዴት ላውጣ? አውቶሪሙቭ ያስፈራኛል።

መፍራትዎ ልክ ነው። አፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኝና አውጪ) እያንዳንዱን ፓኬጅ "ሰው የጠየቀው" ወይም "ተከትሎ የመጣ" ብሎ ይመዘግባል። አፓቼን ሲያወጡ ተከትለው የመጡት፣ ለምሳሌ አፓቼ2-ቢን እና አፓቼ2-ዳታ፣ እዚያው ይቀራሉ። አውቶሪሙቭ የስ ሲባል እነሱን ያወጣል። ችግሩ እዚያ ላይ አለማቆሙ ነው። ሰርቨሩ ላይ ፈላጊ ያጣውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ከአፓቼ ጋር ባይገናኝም።

እኔ ላይ ደርሷል። አርሲንክ (ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም) ከሌላ ፓኬጅ ጋር ተከትሎ ገብቶ ነበር፤ የባክአፕ ስክሪፕታችንም ይጠቀምበት ነበር። አፕት ስክሪፕት አያነብም። አርሲንክ ተጠረገ፣ ባክአፑ ቆመ፣ ያወቅነው ከ3 ቀን በኋላ ነው።

ስለዚህ ፕሌይቡኩን ሲያስኬዱ በሊሚት አማራጭ አንድ ሰርቨር ብቻ ይምረጡ። ቼክ እና ዲፍ የሚባሉትን አማራጮች ጨምረው ያስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ምን እንደሚወጣ ያሳያል። ስሞቹን አንድ በአንድ ያንብቡ። የሚፈልጉት ካለ በአፕት-ማርክ "ማንዋል" ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ አውቶሪሙቭ አይነካውም።

ጥያቄ፦ ሬድ ሃት (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ በፐፔት (እንደ አንሲብል ያለ መሣሪያ) አብሰንት ስል "ሌላ ፓኬጅ ይፈልገዋል" ብሎ እምቢ አለኝ። ፐርጅድ ልበለው?

አይቸኩሉ። እዚህ አብሰንት በሬድ ሃት የፓኬጅ መሣሪያ በአርፒኤም በኩል ስለሚሄድ፣ ፈላጊ ያለውን ፓኬጅ አያወጣም። ፐርጅድ ግን በሌላው መሣሪያ በያም ወይም በተተኪው በዲኤንኤፍ በኩል ሄዶ ፈላጊዎቹንም አብሮ ይነቅላል። ስህተቱ ላይ የተጻፈውን የፓኬጅ ስም ይዩት። እሱም የማያስፈልግ ከሆነ በስሙ ጽፈው ያውጡት።