ነጭ ጀርባ፣ ቀይ ርዕስ

ጥያቄ፦ ለሮማንቲክ ኮሜዲ ፊልም ፖስተር እየሠራሁ ነው። ፕሮዲውሰሩ «ነጭ ጀርባ፣ ጥንዶቹ ጀርባ ለጀርባ፣ ርዕሱ በቀይ» ብሎኛል። ተዋንያኑ ለየብቻ ፎቶ ስለተነሱ ግን ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይህ አቋቋም በሰፊው የሚታወቀው በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«ፕሪቲ ውማን» ፖስተር ነው። ጁሊያ ሮበርትስ የሪቻርድ ጊርን ከረባት ይዛ ትጎትታለች፤ ቀልዱም ያለው እዚያች እጅ ላይ ነው። እጅ ካልተነካካ የቆሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ቢቻል አንዲት እጅ እንደገና ፎቶ ያስነሱ።

የተለጠፈ የሚያስመስለው ግን በአብዛኛው የጥላ መጥፋት ነው። ትከሻ ለትከሻ በሚገናኙበት መስመር ላይ በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም አዲስ ሌየር (ከምስሉ በላይ የሚደረብ ንጣፍ) ከፍተው፣ በ«መልቲፕላይ» (ከሥሩ ያለውን ቀለም በሚያጠቁረው ምርጫ)፣ ኦፓሲቲውን (ጎልቶ የሚታይበትን መጠን) ከ20 እስከ 30 በመቶ አድርገው ለስላሳ ጥላ ይቀቡ። ጥቁር አይጠቀሙ፤ የልብሱን ቀለም አጥቁረው ይውሰዱ። ጫማ ሥርም እንዲሁ፣ አለዚያ ነጩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ብርሃኑ ለአንዱ ከግራ፣ ለሌላው ከቀኝ ከመጣ ግን ጥላ ብቻውን አያድንም። ያኔ አንደኛውን ፎቶ በአግድም መገልበጥ ነው፤ ቲሸርት ላይ ጽሑፍ ካለ ግን ያጋልጣል።

ቀዩን በማተሚያ ቀለሞች ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ) 100 በመቶ፣ ቢጫ 100 በመቶ አድርገው ለማተሚያ ቤት ይስጡ። የስክሪኑ ደማቅ ቀይ እንዳለ ከተላከ ደብዝዞ ይወጣል።