መሣሪያ ላይ ብር የሚወጣው መቼ ነው? (መልስ)

ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የእንጨት ሥራ ልትጀምር ነው፤ ብርህ ለሁሉም ጥሩ መሣሪያ ስለማይበቃ የትኛውን ላስቀድም ብለሃል። የሚቆርጠውንና የሚለካውን አስቀድም።

መሮ ላይ በፍጹም አትቆጥብ። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ የርካሹን ጉድ ይሸፍንለታል፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ ግን በደንብ ያልጠነከረ ብረት በጥቂት ምት ስለቱ ይታጠፋል። ልትገዛ ስትሄድ ትንሽ ሞረድ ያዝና ባለሱቁን አስፈቅደህ ከስለቱ አጠገብ ጎኑን ፈተግ አድርገው። ሞረዱ ካንሸራተተ ጠንካራ ነው፤ እንደ ልቡ ከበላው ተወው። ጥሩውንም ቢሆን ለጠንካራ እንጨት የስለቱን ማዕዘን 30 ዲግሪ አካባቢ አድርገህ ሳለው፤ በ25 ከተውከው ጫፉ ቶሎ ይሸረፋል።

ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያው) ውድ ስለሆነ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ቀጥ ያለ የጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፈህ አስምር፣ ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ድገም። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለቱ መስመሮች በ1 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ፣ መገልበጡ ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ የስኳድራው ስህተት ግማሽ ሚሊ ነው፤ 2 ሜትር በር ላይ 5 ሚሊ ይሆናል። በሩ አይገጥምም።

መጋዝ ስትገዛ ጥርሱን እየው። ጫፉ ብቻ የጠቆረው በሞረድ አይሳልም፣ ሲደነዝ መጣል ነው። ለዕለት ሥራ የሚሳለውን ውሰድ።

ፒንሳና ካቻቢቴ በርካሹ ይጀመራል፤ በየሳምንቱ የምትይዘው ሆኖ ካገኘኸው ያኔ ቀይረው። መዶሻም ጭንቅላቱ ካልተሰነጠቀ ይበቃሃል፤ እጀታውን ብቻ ጭረቱ (የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር) ከላይ እስከ ታች በቁመቱ የሄደ ወይራ አስገባለት፤ ጭረቱ አግድም ከሆነ ይሰበራል።