አርፎ የማይቀመጥ ልጅ ኦፕራሲዮን ሲደረግ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ9 ዓመት ልጄ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረትና የመቅበጥበጥ ችግር አለበት። ጠዋት ጠዋት ሜቲልፌኒዴት ይወስዳል። አሁን ለቡአ ኦፕራሲዮን ተቀጥሯል፤ ቀኑ ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ማደንዘዣው ጭንቅላቱን ይጎዳብኝ ይሆን? የዕለቱን ኪኒንስ ልስጠው? ከዚያ በኋላ ይህን ልጅ በምን ልያዘው?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ኪኒኑ። መድኃኒቱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ማደንዘዣ ሰጪው ይህን የግድ ማወቅ አለበት። ብልቃጡን ራሱን ይዘሽ ሂጂ። በዕለቱ ይውሰድ አይውሰድ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። አንዳንዱ «በጉንጭ ውኃ ይዋጠው» ይላል፤ ሌላው «ያን ጠዋት ይቅርበት» ይላል። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ። «ልጅሽ ምን ሆኖ ነው ይሉኛል» ብላ የምትደብቅ እናት አለች። ተይ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ይሉኝታ አያዋጣም።

ለጭንቅላቱ አትስጊ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ልጆችን በተመለከተ ያስጠነቀቀው ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው፤ ያውም ከ3 ሰዓት ለሚበልጥ ወይም ለሚደጋገም ማደንዘዣ። የቡአ ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ሲነቃ ሊያለቅስ፣ ሊራገጥ፣ አንቺንም ላያውቅሽ ይችላል። በማንም ልጅ ላይ ይደርሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ቆሎው ነው። ምግብና ወተት ለማደንዘዣው 6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ፣ ደንዝዞ ሳለ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ያንቺ ልጅ ደግሞ ተራ እስኪደርሰው ቁጭ አይልም። ኮሪደሩን ሲዞር ከአንዷ አስታማሚ እፍኝ ቆሎ ተቀብሎ ይመጣል። እሷ ምን ታድርግ፣ አሳዝኗት ነው። ኪሱን ፈትሺ። ጠዋት የመጀመሪያው ተራ እንዲሰጠውም ለምኚ፤ ረሃብና ጥበቃ አንድ ላይ አይችልም።

ቤት ስትገቡ፣ ሮጠ ማለት አላመመውም ማለት እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያመው መቅበጥበጡ ጭራሽ ሊብስበት ይችላል። ፓራሲታሞሉን እስኪያለቅስ ሳትጠብቂ በታዘዘው ሰዓት ስጪው። «አትሩጥ» ብቻውን የትም አያደርስም። ኳሱን ጎረቤት ደብቂና ገበጣ አውጪለት፤ ቡና ስታፈዪ ይልቀምልሽ። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጥምቀትን በተመለከተ፣ በሁለት ሳምንቱ ያን ግፊያ አልመክርም። ጎረምሳው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲዘል እያየ ያንቺ ልጅ ዳር ቆሞ ይቀራል? እንጃ! ሐኪሙ «አያስቸኩልም» ካለ ቀጠሮውን ከበዓሉ በኋላ እንዲያዞርልሽ ጠይቂ። እስከዚያ ግን የቡአው እብጠት ጠንክሮ ወደ ውስጥ አልመለስ ካለ፣ ካመመው ወይም ካስመለሰው፣ ዕለቱ የከተራ ቀንም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።